የመሣሪያው ሶፍትዌር እስከ መቼ እንደሚጠገን ይነገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የቤትና የመሥሪያ ቤት መሣሪያዎችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ አጠራጣሪ ነገር አትክፈቱ፣ ዝማኔ ሲመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተቀበሉ የሚለው ምክር ስሕተት የለበትም። ሆኖም ጽሑፉ ኃላፊነቱን ሁሉ በገዢው ትከሻ ላይ ጥሎ አልፏል። ገዢው ያልተላከለትን ዝማኔ ሊቀበል አይችልም፤ በፋብሪካ ተጽፎ የተዘጋበትን የይለፍ ቃልም ሊቀይር አይችልም። በእነዚህ መሣሪያዎች ሶፍትዌር ዝግጅትና ጥገና ላይ የተሰማራሁ ባለሙያ እንደ መሆኔ፣ ጽሑፉ የዘለለውን ክፍል በዚህ ደብዳቤ ለማንሣት እፈልጋለሁ። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ለዓመታት የሚዘልቅ የጥገና ግዴታም አብሮ ይገባል፤ ግዴታው በየትኛው ቀን እንደሚያበቃ በግልጽ ሊናገር፣ ዝማኔው የሚጓዝበትንም መንገድ ከጅምሩ አስተማማኝ አድርጎ ሊሠራ ይገባዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ድርጅት ዕቃውን ከኢንተርኔት ጋር ባያገናኘው ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

የነገሩን ክብደት ለማየት በ2016 መገባደጃ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሚራይ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ኢንተርኔቱን እያሰሰ፣ ቴልኔት በሚባለው ያረጀ የርቀት መግቢያ በኩል ክፍት የሆኑ ካሜራዎችን፣ የቪዲዮ መቅጃዎችንና ራውተሮችን ይፈልግ ነበር። አንዱን ባገኘ ቁጥር ከፋብሪካ አብረው የሚመጡ፣ ቁጥራቸው ከ60 ጥቂት የሚበልጥ የተጠቃሚ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን በየተራ ይሞክራል፤ ያለው ብልሃት ይኸው ነበር። እንዲህም ሆኖ በበረታበት ወቅት ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ መሣሪያዎችን በቁጥጥሩ ሥር አስገብቷል። ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ መሣሪያዎች ዳይን የተባለውን፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ትክክለኛ አድራሻቸው የሚመራ ድርጅት በጥያቄ ብዛት አጥለቅልቀውት፣ ትዊተርን፣ ኔትፍሊክስንና ሬዲትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለብዙ ተጠቃሚዎች ለሰዓታት ሳይገኙ ዋሉ። ሚራይን የሠሩት የመንግሥት ሰላዮች ወይም ታላላቅ የወንጀል ቡድኖች አልነበሩም፤ በ2017 ዲሴምበር ጥፋታቸውን በፍርድ ቤት ያመኑ ሦስት ወጣቶች ናቸው።

ለዓምዳችሁ ጸሐፊ ማቅረብ የምፈልገው ጥያቄ፣ የእነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶች በጊዜው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር የሚል ነው። ምስሉ እንደ ወትሮው ስለሚታይና ቀረጻውም ስላልተቋረጠ፣ አብዛኞቹ ካሜራቸው ለሌላ ጌታ ማደሩን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሚራይ የሚቀመጠው በመሣሪያው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ላይ ብቻ ስለ ነበር አጥፍቶ ማብራት ያስወግደዋል፤ መግቢያው ግን ክፍት እንደ ሆነ ስለሚቆይ መሣሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ሊያዝ ይችል ነበር። የይለፍ ቃላቸውን የቀየሩ ጥንቁቅ ሰዎች እንኳ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ የቀየሩት የማስተካከያ ገጹን ብቻ ነበር፤ የቴልኔቱ የይለፍ ቃል በፈርምዌሩ፣ ማለትም ከፋብሪካ ተጭኖ በሚመጣው የመሣሪያው መሠረታዊ ሶፍትዌር ውስጥ ስለ ተጻፈ ባለቤቱ ሊደርስበት አይችልም። ጉዳቱን የተሸከመው ደግሞ ካሜራውን ከሠራውም ከገዛውም ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሦስተኛ ወገን ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ገዢው ካሜራው ይሠራለታል፤ ሁለቱም ስለማይነካቸው ነገር እንዲያስቡ የሚያስገድዳቸው የለም። ገዢውን መምከር ብቻውን የማይበቃው በዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያዎቹ ከስልክና ከኮምፒውተር የሚለዩባቸው ጠባዮችም ጥገናውን ያከብዱታል። ስልክ ከእጃችን ስለማይለይ ዝማኔ መምጣቱን ቢነግረን እናያለን፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ወይም በፋብሪካ ቧንቧ ላይ የታሰረ የግፊት መለኪያ ግን ስክሪንም ተመልካችም የለውም። ስልኩን በየጥቂት ዓመቱ የሚለውጥ ሰው የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያውን 15 ዓመት ሊገለገልበት ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንዶቹ አቅማቸው እጅግ ውስን ነው። የኢንተርኔትን የአሠራር መመዘኛዎች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በ2014 ባወጣው ምደባ አንደኛ ክፍል ብሎ የመደባቸው መሣሪያዎች፣ ወደ 10 ኪሎባይት የሚሆን የሥራ ማህደረ ትውስታና ወደ 100 ኪሎባይት የሚሆን የፕሮግራም ማስቀመጫ ብቻ ያላቸው ናቸው። የመሣሪያው ዋና ሥራ፣ የኔትወርክ ግንኙነቱ፣ ምስጠራውና ዝማኔ ተቀባዩ ሁሉ በዚህች ቦታ ውስጥ ተጣበው ይኖራሉ፤ ቦታ ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ ይቅር የሚባለው ዛሬ ጥቅሙ የማይታየው ዝማኔ ተቀባዩ ነው።

ሠሪው ራሱም ቢሆን በሸጠው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ሁልጊዜ አያውቅም። ቺፑ ከአንዱ፣ የግንኙነት ክፍሉ ከሌላው፣ የኔትወርክ ሶፍትዌሩ ከሦስተኛ አቅራቢ ተገዝቶ ይገጣጠምና በመጨረሻ በአንድ ስም ይሸጣል። በ2020 ጁን ጄኤስኦኤፍ የተባለ የምርምር ድርጅት፣ ትሬክ የተባለው ኩባንያ በሚያቀርበው የኔትወርክ ሶፍትዌር ውስጥ 19 የደህንነት ክፍተቶች ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ይህ ሶፍትዌር ለሃያ ዓመታት ያህል ከአቅራቢ ወደ አቅራቢ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በፕሪንተሮች፣ በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያዎች፣ ለሕሙማን በደም ሥር መድኃኒት በሚሰጡ ፓምፖች ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ተገኘ። ትሬክ ማስተካከያውን አውጥቷል፤ ነገር ግን ማስተካከያው ከመጨረሻው መሣሪያ እንዲደርስ በመካከል ያለው እያንዳንዱ ድርጅት ሶፍትዌሩ በምርቱ ውስጥ መኖሩን ማወቅ፣ አዲሱን ስሪት መፈተንና ለደንበኞቹ ማድረስ ነበረበት፤ ከእነርሱ አንዱ ከገበያ ወጥቶ ከሆነ ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይበጠሳል። በአንድ መሣሪያ ውስጥ የገቡትን ሶፍትዌሮች ሁሉ ከነስሪት ቁጥራቸው የሚዘረዝር ሰነድ ከምርቱ ጋር መኖር አለበት የሚባለው ለወረቀት ፍቅር አይደለም። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ዕለት «እኛን ይነካናል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በሰዓታት ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሌላ መንገድ የለም።

እስካሁን ያነሣሁት ዝማኔ ሲቀር የሚመጣውን ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ «ዝማኔ አለው» የሚል መልስም ብቻውን ሊያረካን አይገባም። ዝማኔ የሚባለው ነገር፣ ከሩቅ ያለ አካል በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም በሙሉ አስወጥቶ ሌላ የሚተካበት መንገድ ነው። አጥቂ አብዝቶ የሚመኘውም ይህንኑ ሥልጣን ነው። መንገዱ በሚገባ ካልተጠበቀ፣ ክፍተቶችን ለመድፈን ተብሎ ከክፍተቶች ሁሉ የሚሰፋው ተከፈተ ማለት ነው። ዓምዳችሁ «ዝማኔ ሲመጣ ተቀበሉ» ሲል፣ ዝማኔውን የላከው ማን እንደሆነ መሣሪያው በምን እንደሚያውቅ አልጠየቀም።

የመጀመሪያው መልስ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሠሪው ዝማኔውን በሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈርማል፤ መሣሪያው የሚይዘው ይፋዊውን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ፊርማውን ማረጋገጥ እንጂ መፈረም አይችልም። መሣሪያውን ሰብሮ የከፈተ ሰው ከውስጡ የሚያገኘው ቁልፍ ማንንም አይጎዳም። ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከትል በ2016 ያለ ገመድ ከሩቅ በሚታዘዙት የፊሊፕስ ሂው አምፖሎች ላይ ታይቷል። አምፖሎቹ ዝማኔያቸውን የሚያረጋግጡት ለአንድ ዓይነት ምርት ሁሉ የጋራ በሆነ፣ ለማረጋገጥም ለመፍጠርም በሚያገለግል አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ነበር። ከዋይዝማን ተቋምና ከዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች አንድ አምፖል ሲሠራ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል በመለካት ቁልፉን አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ያዘጋጁትን ፈርምዌር አምፖሎቹ ከፋብሪካ እንደ መጣ አድርገው ተቀበሏቸው። በድሮን ላይ በተጫነ መሣሪያ ከሕንፃ ውጭ ሆነው በውስጡ ያሉትን አምፖሎች እንዳሻቸው ሲያበሩና ሲያጠፉም አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ ግኝታቸውን ከማሳተማቸው በፊት ለኩባንያው ስላሳወቁ ማስተካከያ ተደርጓል። አንድ አምፖል ገዝቶ በጠረጴዛ ላይ የፈታ ሰው የሌሎቹን አምፖሎች ሁሉ ቁልፍ ማግኘቱ ግን የዲዛይን ስሕተት ነው፤ የትኛውም የተጠቃሚ ጥንቃቄ አያድነውም።

ፊርማ ካለም በኋላ ሚስጥራዊው ቁልፍ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ቁልፉ በአንድ መሐንዲስ ላፕቶፕ ላይ፣ ወይም ብዙ ሰው በሚገባበት ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ፊርማው ዋጋ የለውም፤ ቁልፉ ከውስጡ ወጥቶ እንዳይቀዳ ሆኖ በተሠራ ልዩ ሃርድዌር ውስጥ መቀመጥና አንድ ሰው ብቻውን ሊያዝበት የማይችል መሆን አለበት። ይህም ሆኖ አያበቃም። በ2020 ዲሴምበር ይፋ በወጣው፣ ሶላርዊንድስ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ በደረሰው ጥቃት አጥቂዎቹ ቁልፉን መስረቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሶፍትዌሩ ተሠርቶ ወደሚወጣበት ሥርዓት ገብተው መርዛቸውን ከመፈረሙ በፊት ቀላቀሉበት፤ ኩባንያው በገዛ እጁ ፈረመበት፤ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞችም ደህንነታቸውን እንጠብቃለን ብለው ተቀበሉት። ያ ሶፍትዌር የኔትወርክ መቆጣጠሪያ እንጂ የቤት ዕቃ አልነበረም፤ የአሠራር ሰንሰለቱ ግን ከአምፖልና ከካሜራ ሠሪው የተለየ አይደለም፤ ጥበቃውማ በአምፖል ሠሪው ዘንድ ይበልጥ ይሳሳል ብዬ እገምታለሁ።

ከውጭ ሲታዩ ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ግን ሥራውን የሚያበላሹ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አጥቂው አዲስ ፈርምዌር መፍጠር ባይችል፣ ሠሪው ራሱ ከዓመታት በፊት በትክክል የፈረመውን፣ ክፍተቱ የታወቀ አሮጌ ስሪት አምጥቶ ሊጭን ይችላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ካለበት ስሪት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል፣ ሊሻር የማይችል ቁጥር ያስፈልገዋል። ዝማኔው እየተጻፈ ሳለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መሣሪያው ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ እንዳይቀር ሁለት ማስቀመጫ ሊኖረው ይገባል፤ አዲሱ በአንደኛው ላይ ይጻፋል፣ ተነሥቶ በደንብ መሥራቱ ሲረጋገጥ ብቻ ቋሚ ይሆናል፣ ካልሆነም መሣሪያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ባትሪ ያለው ሰዓት የሌለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ራሱን በጃንዩዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ያገኘዋል፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያነጋግረውን ሰርቨር ማንነት የሚያረጋግጥለት ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም ብሎ መፍረድ አይችልም። የምስክር ወረቀቶቹ ራሳቸው ደግሞ ያረጃሉ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 እንዲህ ያሉ የምስክር ወረቀቶችን የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ሲደገፍበት የነበረ አንድ አሮጌ የመሠረት ምስክር ወረቀት ጊዜው ሲያበቃ፣ አዲሱን የማያውቁ ብዙ የቆዩ መሣሪያዎች ጤናማ ከሆኑ ሰርቨሮች ጋር መገናኘት ተሳናቸው። ለረጅም ጊዜ ሳይዘመን የቆየ መሣሪያ አንድ ቀን ዝማኔ ቢላክለት እንኳ፣ ላኪውን የሚያምንበትን መሠረት አጥቶ ሊጠብቀው ይችላል። ዝማኔ በየጊዜው የሚደረገው ክፍተት ለመድፈን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዝማኔ መቀበል እንዲቻልም ነው።

በ2017 ኦገስት ሎክስቴት የተባለ የኤሌክትሮኒክ የበር ቁልፍ ሠሪ ለአንድ ሞዴል የተዘጋጀን ፈርምዌር ወደ ሌላ ሞዴል ላከ። 500 ያህል የበር ቁልፎች በሚስጥር ቁጥር መከፈት አቆሙ፤ ከኩባንያው ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ስለ ተቋረጠ ማረሚያ በሩቅ መላክ አልተቻለም፤ ባለቤቶቹ ፈትተው እንዲልኳቸው ወይም እንዲለወጥላቸው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በዚህ ውስጥ አጥቂ የሚባል አልነበረም። ከዝማኔው ጋር አብሮ የሚጓዝ፣ ለየትኛው ሞዴልና ለየትኛው የሃርድዌር ዓይነት እንደተዘጋጀ የሚናገር የተፈረመ መግለጫ ቢኖርና መሣሪያው ከመጫኑ በፊት ቢያነብበው ይህ ባልሆነ ነበር። አይኢቲኤፍ በ2021 ባወጣው፣ አርኤፍሲ 9019 ተብሎ በሚታወቀው ሰነድ የእነዚህን መሣሪያዎች የዝማኔ አሠራር ሲገልጽ እንዲህ ያለውን መግለጫ መሠረት አድርጎታል። ሰነዱ ለማንም በነጻ ይነበባል። አንድ ሠሪ ዛሬ ተነሥቶ «እንዴት እንደሚሠራ አላወቅንም» ቢል የሚያምነው ሊኖር አይገባም።

የፍጥነት ጉዳይ ደግሞ ባለሙያዎችንም ያከራክራል፤ እኔም ቀላል መልስ አለው ብዬ አላምንም። በ2017 ሜይ ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ አጥፊ ሶፍትዌር ብዙ አገሮችን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት ለክፍተቱ ማስተካከያ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው። ጁላይ 19 ቀን 2024 ግን የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር ስሕተት ያለበት ዝማኔ ለሁሉም ደንበኞች በአንድ ጊዜ ተልኮ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሰረዙ። እንደ እኔ ከሆነ ከሁለቱ የሚወሰደው፣ ዝማኔ ወዲያው ይውጣ፣ አወጣጡ ግን በደረጃ ይሁን የሚል ነው፤ አስቀድሞ ለጥቂት መሣሪያዎች ይላካል፣ መነሣታቸውና ሥራቸውን መቀጠላቸው በሰዓታት ውስጥ ይታያል፣ ከዚያ ለብዙዎች ይለቀቃል። ከጣሪያ ላይ የተሰቀለ ካሜራ እንደ ኮምፒውተር ተቀምጦበት የሚያስተካክለው ሰው ስለሌለ ይህ ሥርዓት ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አንዳንድ ሰዎች ዝማኔን ሆን ብለው ማጥፋታቸው ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። በ2016 ሴፕቴምበር ብዙ የኤችፒ ፕሪንተሮች በፈርምዌራቸው ውስጥ በነበረ ነገር የተነሣ በሌሎች ኩባንያዎች የተሠሩ የቀለም ካርትሬጆችን በድንገት አንቀበልም አሉ፤ ኩባንያው በኋላ ለግንኙነቱ ጉድለት ይቅርታ ጠይቆ ክልከላውን የሚያነሣ ፈርምዌር ለፈለገ አቅርቧል። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው «ለደህንነትዎ ሲባል» የሚል መልእክት ሲያይ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። የደህንነት ማስተካከያ ከሠሪው የንግድ ፍላጎት ጋር በአንድ ጥቅል መላክ የለበትም። ተጠቃሚው አዲሱን የማስታወቂያ ገጽ ወይም የአገልግሎት ለውጥ እምቢ ብሎ ማስተካከያውን ብቻ የሚወስድበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

የዝማኔ መንገድ አስቀድሞ ያልታሰበላቸው ዕቃዎች በኋላ የሚያስከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች የጂፕ ቼሮኪ መኪናን በሩቅ ሆነው ሊቆጣጠሩ እንደሚችሉ ሲያሳዩ፣ ሠሪው 1.4 ሚሊዮን መኪናዎችን ለማስተካከል ማስተካከያውን በፍላሽ ዲስክ ለባለቤቶቹ በፖስታ እስከ መላክ ደርሷል። በ2017 በአሜሪካ ወደ 465 ሺህ የሚጠጉ የልብ ምት ማስተካከያዎች የፈርምዌር ዝማኔ ሲወጣላቸው ደግሞ ባለቤቶቹ ወደ ሐኪማቸው መሄድ ነበረባቸው። የልብን ያህል መሣሪያ በሩቅ ያለ ሰው ሳይታይ እንዲያዘምነው ስለማንፈልግ ሁለተኛው ትክክል ነበር። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ዓይነት መንገድ ይዘመን የሚል የለም፤ መንገዱ ግን ዕቃው ከመሸጡ በፊት ታውቆ ይሠራ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታለፈው የመጨረሻው ቀን ነው። በ2016 ሜይ ሬቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ፣ የገዛው ኩባንያ ሰርቨሮቹን ስላጠፋ ምንም ሳይበላሽ ሥራ አቆመ። ይህ ቢያንስ በግልጽ የሚታይ ሞት ነው። የባሰው ያለ ድምፅ የሚሆነው ነው፤ መሣሪያው ይሠራል፣ ዝማኔው ግን ከቆመ ቆይቷል፣ ለባለቤቱም የነገረው የለም። ድርጅቱ ከስሮ የዝማኔ ሰርቨሩ የኢንተርኔት ስም ሳይታደስ ቢቀርና ሌላ ሰው ቢገዛው፣ ፊርማ የማያረጋግጡት መሣሪያዎች ሁሉ ለአዲሱ ባለስም ታዛዥ ይሆናሉ። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚያበቃበት ቀን ሳይጻፍ ቢሸጥ የሚቀበል የለም፤ ለዓመታት በመኝታ ቤታችን የሚሰማና የሚያይ ዕቃ ግን ያለ ቀን ይሸጥልናል። ቀኑ ሲደርስም ሠሪው መሣሪያው ያለ እርሱ ሰርቨር በቤት ውስጥ ብቻ መሥራት እንዲቀጥል ሊያደርገው፣ ካልቻለም ሌሎች ጥገናውን እንዲረከቡ የሚያስፈልገውን ሊለቅላቸው ይገባል።

ይህ ሁሉ ምኞት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ በሕግ የተደነገገባቸው ቦታዎች አሉ። በካሊፎርኒያ ከጃንዩዋሪ 2020 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ መሣሪያዎች ተገቢ የደህንነት ጥበቃ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሸማች የሚቀርቡ መሣሪያዎች በቀላሉ የሚገመት የጋራ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይዘው እንዳይሸጡ ተከልክሏል፤ ሠሪው ክፍተት ያገኘ ሰው የሚያመለክትበትን አድራሻና የደህንነት ዝማኔ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ማሳወቅም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ሕግ ደግሞ ይበልጥ ይሄዳል፤ አብዛኛው ድንጋጌው ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ሲጸና፣ የምርቱ የአገልግሎት ዘመን ከዚያ ያነሰ ካልሆነ በቀር ሠሪው ቢያንስ ለ5 ዓመት የደህንነት ክፍተቶችን እንዲያስተካክል ያስገድደዋል። ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ዕቃ 5 ዓመት ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉም ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግሉት ረዘም ያለ ድጋፍ እንዲኖራቸው ይጠብቃል፤ ሠሪዎች ግን ዝቅተኛውን ቁጥር እንደ ከፍተኛው እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። ብሪታንያ ያደረገችው ቀኑን የማሳወቅ ግዴታ ግን ወጪው እምብዛም ስለሆነ፣ ትንንሽ ሠሪዎችን ያጠፋል የሚለው ክርክር በእርሱ ላይ አይሠራም። ገዢዎች ርካሹን ነው የሚመርጡት የሚል ሌላ ክርክርም ይሰማል፤ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚለያቸው ዋጋ ብቻ ሆኖ ከታየ ሌላ ምን ይምረጡ?

በእጃቸው ያለውን መሣሪያ የያዙ አንባቢዎች ራውተራቸው የሚፈቅድ ከሆነ እነዚህን ዕቃዎች ከኮምፒውተራቸውና ከስልካቸው በተለየ ኔትወርክ ላይ ያድርጓቸው፣ ከውጭ በቀጥታ የሚገባባቸውን መግቢያ ይዝጉ፣ ኢንተርኔት የማያስፈልገውንም ያላቅቁት። አዲስ ለሚገዙት ግን ከሻጩ ሊጠይቁት የሚገባ አለ፤ የደህንነት ዝማኔው የሚያበቃው መቼ ነው፣ ሠሪው ቢጠፋ መሣሪያው ይሠራል ወይ፣ ክፍተት ያገኘ ሰው ለማን ይናገራል? ሻጩ መልሱን ባያውቅ፣ እርሱም ከአቅራቢው እንዲጠይቅ ግፊት ይሆንበታል።

ከጋዜጣችሁም የምጠይቀው አለኝ። በየጊዜው የምታወጡት የአዳዲስ መሣሪያዎች ግምገማ የካሜራውን ጥራት፣ የባትሪውን ቆይታና ዋጋውን በዝርዝር ያቀርባል፤ የደህንነት ዝማኔው እስከ መቼ እንደሚቆይ ሲጽፍ ግን አላየሁም። ከዋጋው ጎን ይህንን ቀን እንድታትሙ፣ ሠሪው ቀኑን ካላሳወቀም «አልተገለጸም» ብላችሁ በዚያው ቦታ ላይ እንድታሰፍሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የመሣሪያዎች ሶፍትዌር ባለሙያ